ዝናብ ሳያየው የተፈረመ ርክክብ

በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ሜዳ ግንባታ የሚያልቀው በበጋ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሚንቶ የጫነ መኪና ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ኡም ጋርጉር ወይም ወደ ኡም ራኩባ የስደተኛ መጠለያ ልግባ ቢል ጥቁሩ የዋልካ አፈር ጎማውን ይዞ ያስቀረዋል። ስለዚህ ክፍሉ ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ቆርቆሮው ተመትቶ ተረካቢ ኮሚቴ የሚጠራው ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ፣ ምድሩ ከደረቀና ሰማዩ ከጠራ በኋላ ነው። ያን ቀን ጣሪያው አያፈስም። ግድግዳው አልተሰነጠቀም። በሩ ያለ ችግር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ኮሚቴው ዞር ዞር ብሎ የተሰነጠቀ መስታወትና ያልተቀባ ዞኮሎ መዝግቦ ይፈርማል፤ ሻይ ተጠጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይበተናል።

ቤቱን የሚፈትነው ክረምት ግን ገና ስድስት ወር ይቀረዋል።

ኡም ጋርጉር እ.ኤ.አ. በ1976 ለኤርትራ ስደተኞች የተቆረቆረ መጠለያ ነው። ለጊዜው ተብሎ የተጀመረው ሰፈር ልጅ ተወልዶበት፣ ያም ልጅ አድጎ ወልዶበት፣ ዛሬ መንደር ሆኗል። ነዋሪው በራሱ እጅ የሚሠራት የሣር ጎጆ ከዚህ አፈር ጋር ብዙም አትጣላም። ምድሩ ሲያብጥ አብራ ከፍ ትላለች፣ ሲኮማተር አብራ ዝቅ ትላለች፤ ዘመም ካለች ምሰሶዋ ወጥቶ እንደገና ይተከላል። ጣጣው የሚመጣው ከብሎኬትና ከአርማታ ጋር ነው፤ ማለትም ከትምህርት ቤቱ፣ ከክሊኒኩ፣ ከውሃ ማማውና ከመጸዳጃ ቤቱ ጋር። እነዚህ በጨረታ ለኮንትራክተር ይሰጣሉ፣ በውል ይሠራሉ፣ በፊርማ ይረከባሉ። አፈሩ ግን ለውልም ለፊርማም ግድ የለውም።

መተማና ሁመራ አካባቢ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ ሰው ሁሉ ይህን መሬት ያውቀዋል። ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያው ጥቁር ዋልካ ነው፤ የሸዋ ሰው መረሬ የሚለው ዓይነት። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለሠራዊታቸው ቀለብ ሲፈልጉ በትራክተር የሚታረስ የማሽላ እርሻ የጀመሩት በዚሁ በገዳሪፍ፣ ገደምበሊያ በሚባል ቦታ ነበር። ለማሽላና ለሰሊጥ የተባረከ አፈር ነው። ለመሠረት ግን ጠላት ነው። ከግማሹ በላይ ሸክላ ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሚያዝያ ላይ መሬቱ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ቤት ሲሠራበት ከወለሉ በታች መሃል ላይ ያለው አፈር ከዝናብም ከፀሐይም ተሸፍኖ ብዙም አይለወጥም። ከግድግዳው ሥር ያለው ግን በየወቅቱ ይነሳል ይወርዳል። መሃሉ ቆሞ ጠርዙ ሲንቀሳቀስ ግድግዳው መሰንጠቁ አይቀርም፤ ስንጥቁም አብዛኛውን ጊዜ ከመስኮትና ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ይወጣል። ሊሾው መሃሉ ላይ እብጥ ይላል፣ በሩ ከመቃኑ ጋር ይጣበቃል።

መድኃኒቱ በዘርፉ የታወቀ ነው። ጥቁሩን አፈር ቆርጦ ማውጣትና በገረጋንቲ መተካት፣ በየንጣፉ ውሃ እያጠጡ መጠቅጠቅ፣ መሠረቱን እንቅስቃሴው እስከማይደርስበት ጥልቀት ማውረድ፣ ግሬድ ቢሙን በደንብ በፌሮ ማጠንከር፣ በቤቱ ዙሪያ ሰፊ ማርሻፔዲ ማፍሰስ፣ የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ሰብስቦ ከመሠረቱ ማራቅ። ልብ ላለው፣ ከእነዚህ መካከል በርክክብ ቀን ለዓይን የሚታዩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ማርሻፔዲውና አሸንዳው። የቀረው መሬት ውስጥ ተቀብሯል። ሁለት ክንድ መቆረጥ የነበረበት አፈር አንድ ክንድ ብቻ ተቆርጦ ከሆነ፣ ገረጋንቲው ሳይጠቀጠቅ ተደፍቶ ከሆነ፣ ቀለሙ ላይ ምንም ምልክት አይኖርም። ጉድለት የሚያዘው ርክክብ ላይ ነው የሚለው አስተሳሰብ በዚህ መሬት ላይ ከነአካቴው ስህተት የሚሆነውም ለዚህ ነው። ጉድጓዱ ሳይሞላ በሜትር ተለክቶ ፎቶ ካልተነሳ ከዓመት በኋላ የሚቀርበው ሁሉ ግምት ነው፤ በግምት ደግሞ ኮንትራክተር አይከፍልም።

ሙቀቱም የራሱን ያበላሻል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት በገዳሪፍ ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ መዋሉ ብርቅ አይደለም። አርማታ ጥንካሬውን የሚያገኘው ውሃ እየጠጣ ነው፤ ቢያንስ ለሳምንት ያህል መርጠብ አለበት። ውሃ በቦቴ ተገዝቶ በሚመጣበት ሳይት ላይ ፎርማኑ ማጠጣቱን በሁለተኛው ቀን ቢያቆም የሚያየው የለም። ውጤቱ ከወራት በኋላ ይመጣል፤ ሊሾው በጫማ ሲረገጥ ዱቄት ይሆናል፣ ልስኑ በጣት ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። የለመዱ ተረካቢዎች ግድግዳውን ከማየት ይልቅ ማንኳኳት የሚመርጡት፣ ሽንት ቤት ወለል ላይም አንድ ባልዲ ውሃ ደፍተው ወደ ማፍሰሻው መሄዱን የሚጠብቁት ወደው አይደለም። በበጋ የሚረከብ ጣሪያም በቦቴ ውሃ ካልታጠበ አልተፈተነም። ጥቂት በርሜል ውሃ ነው የሚፈጀው፤ ነገር ግን ውሉ ውስጥ ካልተጻፈ ማን ይክፈል በሚል ጭቅጭቅ ይቀራል።

ሠሪው ከርክክብ በኋላም ተጠያቂ ይሁን የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። የባቢሎኑ ንጉሥ ሐሙራቢ ከ3,700 ዓመት ገደማ በፊት ባወጣው ሕግ፣ ቤት ፈርሶ ባለቤቱን ከገደለ ግንበኛው በሞት ይቀጣል። ይህን ብዙ ሰው ያወራዋል። እምብዛም የማይወራው ከዚያ ዝቅ ብሎ የተጻፈው አንቀጽ ነው፦ ግድግዳው መዝመም ከጀመረ ግንበኛው በራሱ ገንዘብ ያጠንክረው ይላል። ለዛሬው ሥራ የሚጠቅመው ይኸኛው ነው፤ ቤቱ ሳይፈርስ ጥገናውን በሠሪው ኪስ ላይ ያስቀምጣልና።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም የወጣው ይህ ሕግ በአንቀጽ 3039 ላይ፣ ሥራ ተቋራጩ ለሠራው ግንባታ ጥንካሬና ለሥራው በደንብ መከናወን ከርክክብ ጀምሮ 10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። አሥር ዓመቱን የሚያሳጥር የውል ቃል ዋጋ የለውም። ከሁሉ የሚገርመው ግን አፈሩን በስም ማንሳቱ ነው፦ ጉዳቱ ግንባታው ካረፈበት መሬት ጠባይ የመጣ ቢሆንም ተቋራጩ ይጠየቃል። «መሬቱ ዋልካ ስለሆነ ነው» የምትለው የተለመደች ማምለጫ እንግዲህ ከመተማ ወዲህ በሕግ ተዘግታለች ማለት ነው። የፈረንሳይም ሆነ የግብፅ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያው የ10 ዓመት ዋስትና አላቸው።

ሕጉ ይህን ያህል ጠንካራ ከሆነ ታዲያ የተሰነጠቀው ግድግዳ ለምን ሳይጠገን ይቀራል? አሥር ዓመት በፍርድ ቤት የሚጠየቅ መብት ነው፤ ግድግዳው የሚጠገነው ግን በያዙት ገንዘብ ነው። የርክክብ ዓመት ዋና ሚስጥር ይህ ነው።

በተለመደው የኢትዮጵያ የመንግሥት ግንባታ ውል አሠሪው ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ 5 በመቶ ሪቴንሽን ይይዛል። ሥራው አልቆ ጊዜያዊ ርክክብ ሲፈጸም ግማሹ ይለቀቃል። ሌላው ግማሽ የሚለቀቀው የጉድለት ማረሚያ ጊዜው፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት፣ ካለፈና የተነገሩት ጉድለቶች መታረማቸው በመሐንዲሱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በ10 ሚሊዮን ብር ሥራ ላይ ቢሰላ ከጊዜያዊ ርክክብ በኋላ በአሠሪው እጅ የሚቀረው 250 ሺህ ብር ነው። ቀለም ለማስነካት፣ ቁልፍ ለማስቀየር በቂ ነው። ወለሉ አብጦ ተፈንቅሎ እንደገና ይሠራ ከተባለ ግን ኮንትራክተሩ ሂሳቡን ቁጭ ብሎ ይሠራል፦ ጥገናው 400 ሺህ ከፈጀ 250 ሺውን ትቶ መጥፋት ያዋጣዋል። ያኔ አሠሪውን የሚያድነው ኮንትራክተሩ ለሥራው አፈጻጸም ያስያዘው የባንክ ዋስትና ነው፤ እሱም ቀኑ ካላለፈ። ዋስትናው ጊዜያዊ ርክክብ ላይ እንዲያበቃ ተደርጎ ተጽፎ ፋይል ውስጥ የሚገኝበት ጊዜ ደግሞ ጥቂት አይደለም።

በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የውል ቅጽ የአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ፊዲክ፣ ያዘጋጀው ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1913 ተመሥርቷል፤ ቀዩ መጽሐፍ የሚባለው የ1999 እትሙ በኢትዮጵያም በሱዳንም መሐንዲሶች ዘንድ የታወቀ ነው። ስለ ርክክብ ሁለት ነገር ይላል፤ ብዙ አሠሪ የሚነቃበት ከተጎዳ በኋላ ነው። አንደኛ፣ ኮንትራክተሩ ተረከቡኝ ብሎ ሲጽፍ መሐንዲሱ በ28 ቀን ውስጥ ወይ ማስረጃውን መስጠት፣ ወይ ምክንያቱን ገልጾ መከልከል አለበት። ዝም ካለና ሥራው በአብዛኛው ያለቀ ከሆነ እንደ ተረከበ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ አሠሪው ሳይረከብ መገልገል ከጀመረ የተገለገለበት ክፍል ከዚያ ቀን ጀምሮ የተረከበው ሆኖ ይታያል። ልጆች ዛፍ ሥር በሚማሩበት ሰፈር ቀለሙ ያልደረቀ ክፍል ባዶ ሆኖ ሲታይ ማን ያስችለዋል? ወንበር ይገባል፣ ትምህርት ይጀመራል፣ የማረሚያው ጊዜም ማንም ሳያስበው መቁጠር ይጀምራል።

ጉድለት በትልቁም ቢሆን ከምረቃ በኋላ እንደሚመጣ ኢትዮጵያ በግልገል ጊቤ ሁለት አይታዋለች። 420 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ይህ ጣቢያ ውሃውን የሚያገኘው ተራራ ተሰንጥቆ በተሠራ 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ነው። ሥራውን የያዘው የጣሊያኑ ሳሊኒ ነበር። ቁፋሮው ገና በመካከሉ ጭቃ ፈንድቶ ማሽኑን ይዞት ስለነበር ፕሮጀክቱ ዘግይቶ ጥር 2002 ዓ.ም ተመረቀ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዋሻው ውስጥ 15 ሜትር ያህል ተደረመሰ። ከ26 ኪሎ ሜትር 15 ሜትር! ጣቢያው እንደገና ሥራ የጀመረው በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነው። ሪባን መቆረጡ የቴክኒክ ርክክብ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። መሪዎች ቀን ይዘው፣ እንግዶች ተጠርተው የሚመረቅ ሥራ ላይ «ገና ነው» የሚል መሐንዲስ የሚሰማው የለም፤ ይህ ከግድብ እስከ ክሊኒክ ያው ነው።

የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ውሉ በቤቶች ልማቱና በኮንትራክተሩ መካከል ነው፤ ዕጣ የደረሰው ሰው የውሉ ወገን አይደለም። ቁልፉን እንደተቀበለ ሴራሚኩን፣ በሩን፣ ቧንቧውን በራሱ ገንዘብ መቀየር የተለመደ ነው። ከዓመት በኋላ ከላይ ፎቅ ሽንት ቤት ውሃ ወደ ታች ሲንጠባጠብ ጥፋቱ የመጀመሪያው ሠሪ ይሁን፣ ከሰፈር የመጣው ሴራሚክ አንጣፊ ይሁን የሚለይበት መንገድ ጠፍቷል። ኮንትራክተሩ ነዋሪው ነካክቶታል ይላል፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው።

በስደተኛ መጠለያ ይህ ክፍተት በእጥፍ ይሰፋል። ገንዘቡ የለጋሽ ነው፣ ውሉን የሚፈርመው የእርዳታ ድርጅት ነው፣ ሰፈሩን የሚያስተዳድረው የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን ነው፣ ጣሪያው የሚያፈስበት ግን ስደተኛው ነው። ከአራቱ መካከል ጉድለቱን በየቀኑ የሚያየው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ማስታወቂያ የመጻፍ ሥልጣን የለውም። በዚህ ላይ የብዙ እርዳታ ፕሮጀክቶች የበጀት ዓመት በፈረንጆች ታኅሣሥ መጨረሻ ይዘጋል። ሥራው በዚያ ወር ተረክቦ ሂሳቡ ይዘጋና ሳይት ኢንጂነሩ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ይሄዳል። ሰኔ ላይ ወለሉ ሲያብጥ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር የሚደውሉለት ሰው የለም። ሪቴንሽኑም ቢሆን ፕሮጀክቱ ይዘጋ ሲባል ቶሎ እንዲከፈል ግፊት ይደረጋል፤ ያልተከፈለ ገንዘብ ለሒሳብ ሹሙ ራስ ምታት ነውና።

የመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ለዚህ ሁሉ ጥሩ ማሳያ ነው። በትግራይ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 ጀምሮ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በሐምዳይትና በልጉዲ በኩል ተሻግረው ኡም ራኩባና ቱናይድባ ሰፈሩ። ኡም ራኩባ በ1977 ዓ.ም ድርቅ ጊዜም ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለ ያው ቦታ ነው። ሰዉ ሲደርስ በጋ ስለነበረ ደረቅ ዋልካ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የሚያየው ሰው ድንጋይ ሊመስለው ይችላል። ክረምት ሲገባ ያው ግድግዳ ያብጥና ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ውሃ ይሞላዋል፣ ይደረመሳል። በዋልካ ላይ መጸዳጃ ጉድጓዱ በድንጋይ ወይም በብሎኬት መደገፍ፣ አፉም ከመሬት ከፍ ብሎ መሠራት አለበት። ካልተደገፈ ጉድለቱ የኮንትራክተሩ ነው ወይስ የዲዛይኑ? ሥዕሉ ላይ ድጋፍ ከሌለ ኮንትራክተሩ የታዘዘውን ሠርቷል፤ ማስታወቂያ ቢጻፍለትም አይመለከተኝም ይላል፣ መብቱም ነው። ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ በአስዋን ግድብ ለተፈናቀሉት የወዲ ሐልፋ ኑቢያውያን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠሩት የአዲስ ሐልፋ ቤቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ጣሪያቸው በአስቤስቶስ ቆርቆሮ ተሸፈነ። በወቅቱ ትእዛዙ ያ ነበር፤ ዛሬ ብዙ አገሮች አስቤስቶስ ለጤና ጠንቅ መሆኑን አውቀው ከልክለውታል። እንዲህ ያለ ጉድለት የትኛውም የርክክብ ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

ኮንትራክተሩም የሚናገረው አለው፤ ሁልጊዜ ሌባ አድርጎ ማየት ትክክል አይደለም። የመጨረሻው ርክክብ ቀን ደርሶ ኮሚቴ አልተሟላም ተብሎ ወራት ሲቆጠር፣ ብር እየረከሰ የተያዘው ገንዘብ ዋጋውን ያጣል። በአንድ ጊዜ ሊነገረው የሚችል ዝርዝር በአሥር ደብዳቤ ተከፋፍሎ ይመጣል፤ ዋልካ አቋርጦ ለአንድ የበር እጀታ ሠራተኛ የሚልክ ድርጅት የለም። በውጭም ቢሆን ችግሩ የታወቀ ነው። የእንግሊዙ ግዙፍ ተቋራጭ ካሪሊዮን እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሲወድቅ በሥሩ የሠሩ ትናንሽ ድርጅቶች የተያዘባቸውን ሪቴንሽን ይዞ ነው የወደቀው። ሥራቸው ላይ ጉድለት የሌለባቸውም ጭምር ከሰሩ።

ከዚያም የሱዳን ጦርነት መጣ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ተኩስ ከተከፈተ ወዲህ ገዳሪፍ የተፈናቃይ ከተማ ሆነች፤ በ2024 ክረምት የሲንጃ ከተማ በጦርነቱ ስትያዝ ሌላ ጎርፍ ሕዝብ ገባባት። ትምህርት ቤቶች የቤተሰብ መኖሪያ ሆኑ። በኮንትራክተሩና በአሠሪው መካከል ያለው ጨዋታ እዚህ ላይ ይለወጣል፤ ለ40 ተማሪ በቀን ጥቂት ሰዓት የተሠራ ክፍል ሌት ተቀን ሲበሰልበት፣ ሲታጠብበት የተበላሸው ሁሉ የሥራ ጉድለት አይደለም። ውሉ የአሠራር ጉድለትንና የአገልግሎት ጉዳትን ይለያል። የሚለየው ማስረጃ ግን በርክክቡ ቀን የተነሳ ፎቶና ቀን ያለበት ዝርዝር ነው። ያ ካለ ክርክሩ አጭር ነው።

እንግዲህ በዋልካ ላይ የሚሠራ አሠሪ ውሉ ሳይፈረም በፊት ቀን መቁጠሪያውን ቢያይ ይበጀዋል። ታኅሣሥ ላይ ተረክቦ ስድስት ወር የማረሚያ ጊዜ የሰጠ ሰው ዝናቡ ከመበርታቱ በፊት ዋስትናውን ጨርሷል። አሥራ ሁለት ወር የሰጠ አንድ ክረምት ያገኛል፤ ነገር ግን ምድሩ አብጦ እንደገና ደርቆ ሲኮማተር የሚመጣውን ሁለተኛውን ስንጥቅ አያይም። በፊዲክ ውል ጉድለቱ ሥራውን ለታሰበለት አገልግሎት እንዳይውል ካደረገው ጊዜው እስከ ሁለት ዓመት ሊራዘም ይችላል። ከጅምሩ ሁለት ክረምት እንዲሸፍን አድርጎ መጻፍም የሚከለክል የለም፤ ዋጋው ጨረታው ላይ ጥቂት ከፍ ማለቱ ነው፣ ከጥገናው ግን ይረክሳል።

ስንጥቅ ሲታይም በችኮላ በልስን መድፈን አይገባም። በስንጥቁ ላይ አቋርጣ የምታልፍ ትንሽ የጄሶ ምልክት ትለጠፋለች፣ ቀኑም ጎኗ ላይ በእርሳስ ይጻፋል። ጄሶዋ በወር በሁለት ወር ውስጥ ከተሰነጠቀች ግድግዳው ገና እየተንቀሳቀሰ ነው፤ አሁን መድፈን ገንዘብ ማባከን ነው፣ መታየት ያለበት መሠረቱ ነው። ሳትሰነጠቅ ክረምቱንም በጋውንም ከዘለቀች እንቅስቃሴው ስላቆመ ስንጥቁ በሞርታር ተሞልቶ በቀለም ያልቃል። ርእሰ መምህሩ ወይም የክሊኒኩ ዘበኛ ይህን መከታተል ይችላሉ፤ መሐንዲስ መሆን አይጠይቅም። የሚጠይቀው የማስታወቂያ ደብዳቤው በማን ስም፣ ለማን አድራሻ እንደሚላክ በርክክቡ ቀን ተጽፎ በእጃቸው መቅረቱን ነው። ደብዳቤው የማረሚያው ጊዜ ሳያልቅ፣ በመጨረሻው ሳምንትም ቢሆን ከደረሰ፣ ጥገናው የሚሠራው መንገዱ ደርቆ መኪና ሲገባ በጥቅምት ቢሆን እንኳ የኮንትራክተሩ ግዴታ አይወርድም፤ የሪቴንሽኑም ሁለተኛ ግማሽ እስከዚያ ይያዛል።